ሐዘንተኛን ከሐዘኑ መከለል ይበጃልን?

(በባሌ ሮቤ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር)



ስለ ሐዘንና ለቅሶ እንድናገር ስጋበዝ መጀመሪያ ያሳሰበኝ «ለቀባሪው አረዱት» የሚባለው ነገር እንዳይደርስብኝ ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል አንዱን ድንኳን ነቅላችሁ ሳታሳርፉት ሌላ ቤት የምትተክሉ አላችሁ። ስለ ለቅሶ ሥርዓት እናንተን ላስተምር አልመጣሁም። የመጣሁት አንድ ጥያቄ አንሥተን አብረን እንድንመረምረው ነው። የምንወደውን ሰው ከሐዘን ለመጠበቅ ብለን የምናደርገው ነገር በእርግጥ ይጠብቀዋል ወይ?

አሳቤን ባጭሩ ልናገር። ሰውን በሐዘኑ መደገፍ አንድ ነገር ነው፤ ሐዘኑን ከእርሱ መደበቅ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ከፍቅር ስለሚመጡ ይምታቱብናል። የሚደግፍ ሰው ሐዘንተኛው የደረሰበትን ሲሸከም አጠገቡ ይቆማል። የሚደብቅ ሰው ግን ሸክሙን አያነሣለትም፤ የሚሸከምበትን ሰዓትና የሚያግዘውን ወገን ያሳጣዋል። ይህን በሦስት ክፍል አቀርባለሁ። መጀመሪያ ስለ መርዶ፣ ቀጥሎ ለቅሶ ቤት ውስጥ ስለምንናገረውና ልጆችን ስለምንይዝበት መንገድ፣ በመጨረሻም ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ስላለው ጊዜ እናገራለሁ።

ከመርዶ ልጀምር። አንድ ወጣት እንበል፤ አዲስ አበባ ይሠራል። አባቱ እዚሁ ሮቤ ሌሊቱን ዐረፉ። ቤተሰቡ ሙስሊም ነውና ቀብሩ የዚያኑ ዕለት ነው። ጠዋት አጎቱ ይደውልና «አባትህን ትንሽ አሟቸዋል፤ ሥራ ካልበዛብህ ብቅ ብትል» ይለዋል። ልጁ ያስባል። ትንሽ ካመማቸው አጎቴ ለምን ደወለ? ራሳቸው ለምን አላናገሩኝም? ወደ እናቱ ይደውላል፤ ስልኩ አይነሣም። እህቱ ታነሣለች፤ ድምፅዋ ጎርንኗል። «ምን ሆነሻል?» ሲላት «ጉንፋን ነው» ትለዋለች፤ ከኋላዋ ግን የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማዋል። መኪና ይሳፈራል። ከአዲስ አበባ ሮቤ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አሰላን አልፎ፣ ዶዶላን አልፎ አዳባ ሲደርስ ኔትወርክ ይመጣለታል። ፌስቡክ ሲከፍት የአባቱን ፎቶ ከነዱዓው ተለጥፎ ያገኘዋል። አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ስሙን እንኳ አያውቀውም። ከአዳባ እስከ ሮቤ ያለውን መንገድ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ይጨርሰዋል።

እንዲህ ያለውን ነገር ያላየ፣ ያልሰማ ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። አጎቱም፣ እህቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ልጁ መንገድ ላይ እንዳይደነግጥ፣ ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ብለው ነው። የሆነው ግን የፈሩት ነው፤ መንገድ ላይ ደነገጠ፣ ብቻውን ሆኖ ሰማ።

አባቶቻችን መርዶን እንዴት ያረዱ እንደነበር አስቡት። ገና ሳይነጋ የቅርብ ዘመድ፣ ሽማግሌና የልብ ጓደኛ በጎረቤት ቤት ይሰባሰባሉ። ማን እንደሚናገር ይመካከራሉ። ሰውየው ወደ ሥራ ሳይወጣ በሩን ያንኳኳሉ። በዚያ ሰዓት በሩ ላይ ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ግማሹን ያውቀዋል። አንዱ ይናገራል፤ ሌላው እንዳይወድቅ አጠገቡ ይቆማል፤ ሴቶቹ እናትዬዋን ይይዛሉ፤ አንዷ ጓዳ ገብታ እሳት ታያይዛለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቤቱ በሰው ሞልቷል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሦስት ብልሃቶች አሉ። መርዶ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም፤ መንገድ ላይ ላለ ሰው አይነገርም፤ የሚናገረውም ሰውየው የሚያምነው ሰው ነው። ማዘግየቱ እነዚህ ሦስቱ እስኪሟሉ ድረስ ብቻ ነበር። መልእክተኛው በፈረስና በበቅሎ በሚመጣበት ዘመን ከዚያ ያለፈ መዘግየት የመንገዱ ነገር እንጂ የሰው ዕቅድ አልነበረም።

ዛሬ ግን ማዘግየቱ ራሱ ዓላማ ሆኗል። «ፈተናውን እስኪጨርስ»፣ «እስክትወልድ»፣ «ጾሙ እስኪፈታ»፣ «መኖሪያ ወረቀቱ እስኪወጣለት» እያልን ቀን እንቆጥራለን። ይህች ከተማ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ ከየአገሩ የመጡ ልጆች ያድሩባታል። ወላጁ ሞቶ እያለ ፈተና ተቀምጦ የሚጽፍ ልጅ፣ የመኝታ ክፍል ጓደኞቹ ሁሉ እያወቁ እርሱ ብቻ የማያውቅ ልጅ ምን እንደሚሰማው አስቡ። ፈተናውን ያልፍ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን የሚመለስበት ለቅሶ የለም፤ ድንኳኑ ተነሥቷል፣ ዘመዱ አልቅሶ ወጥቶለታል፤ እርሱ ሊያለቅስ ሲጀምር ሌላው «በቃ፣ አሁንማ ስንት ጊዜው!» ይለዋል። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም ይህንኑ ከወራት በኋላ፣ በባዕድ ከተማ፣ በሥራ እረፍት ሰዓት ይሰሙታል።

ሌላም ጉዳት አለ። አንድ ጊዜ «ትንሽ አሞታል» ተብሎ የተታለለ ሰው ከዚያ በኋላ ያን ቃል አያምነውም። እናቱ በእርግጥ ጉንፋን ቢይዛት እንኳ እርሱ ሞታለች ብሎ ሌሊቱን ሲባንን ያድራል። አንዱን ሐዘን ደበቅን ብለን ያልመጣ ሐዘን በየወሩ እንዲያዝን እናደርገዋለን። በቤተሰብ መካከል ያለ እምነት አንዴ ከሳሳ ደግሞ መልሶ ለመወፈር ብዙ ዘመን ይፈጃል።

ይህን ስል በድንገት፣ በስልክ፣ ያለ ዝግጅት ይነገር ማለቴ አይደለም። ዶክተር የውብዳር በየነ የተባሉ ኢትዮጵያዊት የአንትሮፖሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ አገር በሚታተም የሕክምና መጽሔት ላይ ስለዚሁ ጽፈው ነበር። የዚያ አገር ሐኪሞች የማይድን ሕመም መኖሩን ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች ፊት ለፊት፣ ለታማሚው ብቻ ሲናገሩ ታማሚው እንደ ጭካኔ ያየው እንደ ነበርና ክፉ ወሬ በቅርብ ሰው በኩል መድረስ እንዳለበት አስረድተዋል። እውነታቸውን ነው። ባህላችን «እንዴት ይነገር» ለሚለው ጥያቄ የሰጠው መልስ የሚያኮራ ነው። ለዚያ ወጣት ማድረግ የነበረብን አዲስ አበባ ያለ የቅርብ ጓደኛውን ወይም የአክስቱን ልጅ ቀስቅሰን፣ «ሂድና ቤቱ አርዳው፣ ይዘኸውም ና» ማለት ነው። ለቀብሩ ላይደርስ ይችላል። ግን እያወቀ፣ ከወገን ጋር ተሳፍሮ ይመጣል።

ሞትን የሚደብቀው ቤተሰብ ብቻ አይደለም፤ መንግሥትም ደብቆ ያውቃል። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ብዙ ጊዜ ቆየ። ታመው ከተኙም ዓመታት አልፈው ነበርና ሰው በሹክሹክታ ያውቅ ነበር፤ በአደባባይ ግን እርም ማውጣት አልቻለም። በቅርቡም በትግራይ የሆነውን እናስታውስ። ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈረመ፤ በጦርነቱ ለተሰዉት ተዋጊዎች ቤተሰቦች በይፋ መርዶ የተነገረውና የሦስት ቀን ሐዘን የታወጀው ግን በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ቀናት በየከተማው በየመንደሩ በአንድ ጊዜ ተለቀሰ። እስከዚያ ድረስ ስንቷ እናት በር በተንኳኳ ቁጥር ልጄ ነው ብላ ተነሥታ ይሆን? «ቁርጥ ያጠግባል» የሚባለው ለዚህ ነው። መራራም ቢሆን ቁርጡን ያወቀ ሰው ቢያንስ የሚያለቅስበት ቀን ያገኛል።

ወደ ሁለተኛው ክፍል ልለፍ። መርዶው ተነግሯል፤ ሐዘንተኛዋ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተቀምጣለች። አሁን ደግሞ ሐዘኑን ማስቆም እንጀምራለን።

ሰው እንዳያለቅስ ቢከለከል ምን እንደሚሆን አገራችን ከፍ ባለ ዋጋ ተምራለች። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ወላጆች ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ እንዲከፍሉ ተጠይቀዋል፤ ጥቁር መልበስ፣ ድንኳን መትከል፣ ጮኾ ማልቀስ ተከልክለዋል። ብዙዎቹ ልጃቸው የት እንደ ተቀበረ እንኳ አልተነገራቸውም። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የጎበኘ ሰው በግድግዳው ላይ የተደረደሩትን የወጣቶች ፎቶግራፎች ያስታውሳል። ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ፣ ሥርዓቱ ተለውጦ፣ እናቶቹ አርጅተው እንኳ ያ ሐዘን ቦታ ይፈልግ ነበር። የተከለከለ ልቅሶ አይቀርም፤ ይቆያል።

የዚህን ተቃራኒ ደግሞ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. አይተናል። መጋቢት 1 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አጠገብ ተከስክሶ 157 ሰዎች አለቁ። የተገኘውን አጽም ለመለየት ወራት የሚፈጅ ምርመራ ያስፈልግ ነበር። የኢትዮጵያውያኑ ቤተሰቦች ግን አልጠበቁም። በሳምንቱ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በሰንደቅ ዓላማ የተሸፈኑ ባዶ ሣጥኖች ተሸክመው ቀበሩ። ከአደጋው ሥፍራም አፈር ተሰጣቸው። ባዶ ሣጥን መቅበር ለሩቅ ሰው ግራ ያጋባል፤ ለእኛ ግን ግልጽ ነው። የሞተ ሰው የሚሸኝበት ቀን ያስፈልገዋል፤ ቀሪው ደግሞ የሚሸኝበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ከእነዚህ ትልልቅ ነገሮች ወደ ቤታችን ስንመለስ ክልከላው ትንሽ ይመስላል። «በቃሽ፣ ለልጆችሽ ስትዪ።» «ወንድ ልጅ እንዲህ አያለቅስም።» «እግዜር የወሰደውን ምን ታደርጊዋለሽ!» ፎቶውን ከግድግዳ ማንሣት፣ ልብሱን እርሷ ሳታይ ሰብስቦ መስጠት፣ ስሙ ሲነሣ ወሬ መቀየር። በተለይ ገና ሲወለድ የሞተ ሕፃን ያጣች እናት የሚደርስባትን አስቡ። ሕፃኑን ወንዶቹ ወስደው በዝምታ ይቀብሩታል፤ ድንኳን የለም፤ ሰልስት የለም፤ ጡቷ ወተት እያፈሰሰ «አይዞሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» ትባላለች። ሌላ መውለዷ መልካም ነው። ይህኛውን ግን ማንም አላለቀሰላትም።

ለቅሶን እንደ እምነት ጉድለት የሚያዩም አሉ። ቅዱሳት መጻሕፍቱ ግን እንዲህ አይሉም። በወንጌል ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አጠገብ እንዳለቀሰ ተጽፏል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ ነው ያለቀሰው። በእስልምናም ነቢዩ ሙሐመድ ልጃቸው ኢብራሂም በእቅፋቸው ሲሞት እንባቸውን ማፍሰሳቸውን፣ ይህንንም እዝነት ነው ማለታቸውን ሐዲስ ይነግረናል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ፊት መቧጨርን፣ ደረት መድቃትን፣ ራስን መጉዳትን ይነቅፋሉ፤ እንባን ግን አልከለከሉም። በባሌ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ የሌላውን ቀብር ሲሸኝ የኖረ ነው፤ ይህንን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ምን እንበል? ብዙም መናገር አያስፈልግም። «እግዜር ያጥናሽ»፣ «አላህ ሰብር ይስጥህ» ብሎ መቀመጥ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በላይ ለመናገር የሚሻ ሰው ስለ ሟቹ ይጠይቅ። «እንዴት ነበር የታመመው?» «በልጅነቱ ምን ይወድ ነበር?» ድሮ አልቃሿ በሙሾዋ የሟቹን ስም፣ ሙያውን፣ ደግነቱን እያነሣች ሐዘንተኛውን ታስለቅስ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐዘንተኛ የሚፈራው የሞተበት ሰው እንዳይረሳበት ነው። ስሙን በጠራችሁ ቁጥር ቁስሉን የነካችሁ ይመስላችኋል፤ እርሷ ግን ከእኔ ሌላም የሚያስታውሰው አለ ብላ ትጽናናለች።

ስለ ልጆች ለብቻው መናገር ያስፈልጋል፤ ከሁሉ ይበልጥ የምንከልለው እነርሱን ነውና። አባት ሲሞት ልጁን ወደ ጎረቤት እንልከዋለን፤ «አባትህ አዲስ አበባ ሄዷል» ወይም «ተኝቷል» እንለዋለን። ሃንጋሪያዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማሪያ ናጂ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመችው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሞትን እንደ ጉዞ ወይም እንደ እንቅልፍ እንደሚያዩት፣ የሄደው ይመለሳል ብለው እንደሚያስቡ፣ የማይመለስ መሆኑን በደንብ የሚረዱት ከፍ ሲሉ መሆኑን ጽፋለች። እንግዲህ ለዚህ ልጅ «ሄዷል» ስንለው ቃላችንን እንዳለ ነው የሚወስደው። ከሄደ ለምን አይደውልም? እኔ ስላጠፋሁ ነው እንዴ የተወኝ? «ተኝቷል» ካልነው ደግሞ ማታ እናቱ ስትተኛ ይፈራል።

ለልጅ መንገር ያለበት የሚያምነው ሰው ነው፤ ቢቻል እናቱ፣ ካልሆነም አያቱ ወይም አክስቱ። ቃሉ አጭርና ግልጽ ይሁን። «አባትህ ሞቷል። በጣም ታሞ ነበር፤ ሐኪሞቹ ሊያድኑት አልቻሉም። የሞተ ሰው ተመልሶ አይመጣም። አንተ ምንም አላጠፋህም። እኔ አጠገብህ አለሁ።» ልጁ ሰምቶ ወዲያው ኳስ ሊጫወት ይሮጥ ይሆናል፤ አልገባውም ወይም አልወደደውም ማለት አይደለም። ልጅ ሐዘንን በትንሽ በትንሹ ነው የሚወስደው፤ ከሦስት ቀን በኋላ እህል ሲቀርብ «አባዬ አሁን ምን ይበላል?» ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ሳይቆጡ ደግሞ መመለስ ነው። ለቅሶውም ውስጥ ትንሽ ቦታ ይኑረው፤ ከታላላቆቹ ጋር ይቀመጥ፣ ቡና ያቅርብ፣ ቆይቶም መቃብሩን ይይ። አልፈልግም ካለ ደግሞ አይገደድ።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ክፍል ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው።

እድር የኢትዮጵያውያን ትልቅ ሥራ ነው። በየወሩ በምናዋጣው ጥቂት ገንዘብ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱና ጀበናው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ሞት በተሰማ ሰዓት ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል፤ ንፍሮው ይቀቀላል፣ እዝን ይመጣል። በሙስሊሙ ቤት ታዚያው፣ ማለትም ሐዘንተኛን ማጽናናቱ፣ እስከ ሦስት ቀን ነው። በክርስቲያኑ ቤት ሰልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እያለ ይቀጥላል። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት ዒዳዋን አራት ወር ከዐሥር ቀን ትቀመጣለች። እነዚህን ቀኖች ተመልከቷቸው። ሐዘን በአንድ ሳምንት እንደማያልቅ፣ ደረጃ ደረጃ እያለ ዓመቱን እንደሚዞር የሚያውቁ ሰዎች የሠሯቸው ናቸው።

ዛሬ ግን ሰው የሚጎርፈው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች ነው። ሐዘን የሚከብደው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። እንግዳው ሁሉ ሄዶ፣ አንድ ሰው የጎደለበት ማዕድ ሲቀርብ፣ አብረው የዘሩት ስንዴ ሲደርስ ነው። የባሌ ገበሬ ይህንን ያውቀዋል፤ አጨዳ ሐዘን አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ1999 ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ሐዘንተኛ በሁለት ነገሮች መካከል እንደሚመላለስ ጽፈዋል። አንድ ጊዜ ወደ ጉዳቱ ይዞራል፣ ያለቅሳል፣ ይናፍቃል፤ ሌላ ጊዜ ወደ ኑሮው ይዞራል፣ ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ልጅ ያስተምራል። ጤናማ ሐዘን በአንደኛው ላይ መቆም አይደለም፤ መመላለስ ነው። ከዚያ በፊት በ1969 እ.ኤ.አ. ሐኪሟ ኤልሳቤት ኩብለር-ሮስ የጻፈቻቸውን፣ የሐዘን የሚባሉትን «አምስት ደረጃዎች» የሰማችሁ ትኖራላችሁ። እርሷ መጀመሪያ የጻፈችው ሊሞቱ ስላሉ ሕሙማን ነው፤ ሐዘንተኛ ሁሉ አምስቱን በተራ ይወጣል ማለት አይደለም። ስለዚህ ጠዋት አልቅሳ ከሰዓት በኋላ ገበያ ላይ የሳቀችውን ሴት «ረሳችው» ብላችሁ አትሟት፤ በዓመቱ ያለቀሰችውንም «እስከ ዛሬ?» አትበሏት።

እዚህ ላይ ከለላው ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል። «ሐዘን ላይ ናት፣ አትረበሽ» እያልን የቤቷን ጉዳይ ሁሉ ከእጇ እናወጣለን። የመሬት ይዞታ ደብተሩ ይወሰዳል፤ የባሏ ብድርና ዕዳ ያለ እርሷ ይነገራል፤ በሬው ይሸጥ አይሸጥ ተብሎ ወንድሞቹ ይመክራሉ። ከወራት በኋላ ቀና ስትል ባሏን ብቻ ሳይሆን ቤቷን የማስተዳደር ሥልጣኗንም ማጣቷን ታያለች። አንዳንዱ ይህን በተንኮል ያደርገዋል፤ አብዛኛው ግን በቅንነት ነው። ጉዳቱ ግን ያው ነው። ደቦ ወጥታችሁ ስንዴዋን እጨዱላት፤ ምርቱ ስንት ኩንታል እንደ ሆነ፣ የት እንደሚቀመጥ ግን እርሷ ትወስን። ወደ ቀበሌው አብራችኋት ሂዱ፤ ፊርማው ግን የእርሷ ይሁን። እንዲህ ያለው እርዳታ ሸክሟን ይካፈላል፣ እርሷን ግን አይተካም።

ሌላው የምንፈራው ነገር ሐዘንተኛው ከሟቹ ጋር ያለውን ትስስር ነው። «እርሳው፣ ኑሮህን ኑር» እንላለን። ከሻሸመኔ በዶዶላ በኩል ወደ ባሌ የመጣ መንገደኛ በመንገዱ ዳር ያሉትን የአርሲ ኦሮሞ መቃብሮች አይቷል። በቀለም ያሸበረቁ ናቸው፤ ሟቹ በፈረሱ ላይ ተቀምጦ፣ ከብቶቹ፣ አንበሳው ተሥለውበታል። እነዚያን ያሠሩ ቤተሰቦች የሞተውን ሰው አልረሱትም፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲያየው መንገድ ዳር አቆሙት፤ ኑሯቸውንም ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ የወጡ የሥነ ልቦና ጥናቶችም ከሟች ጋር ያለውን ትስስር መቁረጥ እንደማያስፈልግ፣ መልኩን ለውጦ መቀጠሉ ለብዙ ሰው ጤና መሆኑን ደርሰውበታል። ልጅ የአባቱን ጋቢ ቢለብስ፣ እናት በልጇ ስም ሰደቃ ብታወጣ ወይም ዝክር ብታዘክር የሚያሳስብ ነገር የለም።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። ከአሥር ሐዘንተኞች አንዱ ያህል ሐዘኑ ሳይለዝብ ይቀርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ይህ የተራዘመ ሐዘን ራሱን የቻለ የጤና ችግር ሆኖ ተመዝግቧል። ስድስት ወር አልፎ፣ በአካባቢው ልማድ ከሚጠበቀውም በላይ ቆይቶ፣ ሰውየው ዕለት ዕለት በናፍቆት ወይም በሟቹ ሐሳብ ተውጦ ሥራውን መሥራት፣ ልጆቹን ማየት ካልቻለ ወደ ጤና ተቋም ይዛችሁት ሂዱ። «መኖር አልፈልግም» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ግን ስድስት ወር አይጠበቅም፤ ብቻውን ሳትተዉት የዚያኑ ዕለት ነው። ጸበልና ዱዓ ከሕክምና ጋር አይጣሉም፤ አብረው ይሄዳሉ።

የተከበራችሁ አድማጮቼ፣ ንግግሬን ከመጨረሴ በፊት ለእድሮቻችን ሦስት ነገር ልለምን። የመጀመሪያው፣ በሚቀጥለው የወር ስብሰባችሁ ስለ መርዶ ተነጋገሩ፤ ሩቅ ላለ ልጅ ማን ይነግረዋል፣ ባለበት ከተማ ያለው የቅርብ ሰው ማን ነው የሚለውን ቤተሰቡ አስቀድሞ ያስመዝግብ፤ እስኪነገረው ድረስም ማንም ሰው በፌስቡክም ሆነ በቴሌግራም ፎቶ እንዳይለጥፍ ወስኑ። ሁለተኛው፣ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ በአርባኛው ቀን፣ በሦስተኛው ወርና በስድስተኛው ወር ቤቱን የሚጎበኙ ሁለት ሰዎች በመዝገባችሁ ላይ መድቡ፤ ከቀብር የቀረ እንደሚቀጣ ሁሉ ከዚህም የቀረ ይቀጣ። ሦስተኛው፣ ጨቅላ የሞተባትን እናት ቤት ሂዱ፤ ሕጋችሁ ለሕፃን ድንኳን ባያዝ እንኳ እግራችሁን የሚከለክል ሕግ የለም።

ለሌሎቻችሁም አንድ ቃል አለኝ። የምትወዱት ሰው ሲያዝን ሐዘኑን ልትወስዱለት አትችሉም፤ የእርሱ ነው። እውነቱን ሳትደብቁ ንገሩት፣ ሲያለቅስ አትከልክሉት፣ ሰው ሲበተን እናንተ ቅሩ።